የተናኘወርቅ ጣውንት

በነፋስ ስልክ፣ ከደብረ ዘይት መንገድ ገባ ብሎ በሚገኘው አዲሱ የማዋለጃ ቤት፣ በምሥራቅ በኩል ባለው የመስታወት ግድግዳ ላይ መጋረጃ መሰቀሉን ለክቡራን አንባብያን የምናስታውቀው በታላቅ ኀዘን ነው። የሞተ የለም። የቆሰለም የለም። መጋረጃው ግን ባለ አበባ ነው፤ አበባውም ቀይ ነው፤ በቀዩ አበባ መካከል ደግሞ ወፍ አለ።

ያለፈው ሳምንት እትም ለቆሎ መጠቅለያ የሄደባችሁ ካላችሁ ነገሩ እንዲህ ነው። ቤቱን የነደፈው ኢንጂነር ሮበሌ ደገፋ ይባላል። የላፍቶ ገበሬ ልጅ ነው፤ በመንግሥት ወጪ ሚላኖ ድረስ ሄዶ ተምሮ፣ ባለፈው ዓመት አንድ ግራጫ ካፖርትና ብዙ ሐሳብ ይዞ ተመልሷል። ቤቱን ለነፍሳቸው ብለው ያሠሩት ፊታውራሪ ገብረ መድኅን ናቸው። የማዋለጃ ቤቱ ኃላፊ ደግሞ ልጃቸው ሲስተር ተናኘወርቅ ናት። ሮበሌና ተናኘወርቅ ይዋደዳሉ። ፊታውራሪ ይህን የሰሙ ዕለት እንዲህ ብለዋል፦

«ልጄን ለባላገር ልጅ አልድርም። ይሁንና ይህ ቤት፣ ልጁ እንደሚፎክረው፣ በፈረንጅ መጽሔት ከወጣ፣ ያን ጊዜ የባላገር ልጅነቱ ይቀራል። እንነጋገራለን።»

እስከዚያው አንድ የደጃዝማች እህት ልጅ ለፋሲካ ሽማግሌ ሊልክ ተዘጋጅቶ ተቀምጧል። የፈረንጁ መጽሔት ፎቶግራፍ አንሺ ሐሙስ ይመጣል። መጋረጃው የተሰቀለው ሰኞ ነው። ኀዘናችንም ከዚህ ይነሣል።

*

ሮበሌ ከሰይጨንቶ መኪናው ወርዶ በሩን ሲያልፍ ዘበኛው ነገሪ ተነሥቶ እጅ ነሣው። ሮበሌ አላየውም። ጣሪያውንም አላየም፤ ያን «ከሰማይ ጋር እንዲነጋገር» ብሎ እንደ ጠረጴዛ ጠፍጣፋ ያደረገውን ጣሪያ የሰፈሩ ሴቶች በርበሬ አስጥተውበታል። በረንዳውንም አላየም፤ በቀጫጭኖቹ ምሰሶዎች መካከል «አየር እንዲመላለስ» ብሎ በተወው ቦታ ነገሪ በግ አስሮበታል። በሌላ ቀን ቢሆን ለበርበሬውም ለበጉም ሲያስረዳ ያረፍድ ነበር። ሮበሌ ማስረዳት ይወዳል።

ዛሬ ግን ዓይኑ መስታወቱ ላይ ተተክሎ ቀረ።

በመስታወቱ ውስጥ መሰላል ይታያል። በመሰላሉ ላይ የመካኒሳው ጨርቅ ነጋዴና ልብስ ሰፊ አብዶ ምስማር ነክሶ ቆሟል። ከሥሩ ተናኘወርቅ ነጭ ቆቧን እንዳደረገች መሰላሉን በሁለት እጇ ይዛለች። አብዶ አንድ ነገር አለ። እሷም ሳቀች። እንዲያው ለይሉኝታ ፈገግ አላለችም፤ ግንባሯን መሰላሉ ላይ ደግፋ ትከሻዋ እስኪነቃነቅ ሳቀች።

ምን ብሏት ነው? ሮበሌ ይህን ለመስማት የማይሰጠው ነገር አልነበረም። ግን መስታወቱን የመረጠው ራሱ ነው። ወፍራም የጣሊያን መስታወት ነው፤ ሁሉን ያሳያል፣ ምንም አያሰማም።

ሲገባ ሳቁ አልቆ ነበር። ይህም በራሱ አናደደው።

«ምንድን ነው ይሄ?»

«ጨርቅ ነው፣ ኢንጂነር» አለ አብዶ በምስማሮቹ መካከል። «ቢታጠብ ቀለሙ አይለቅም። ሲስተር ተናኜ፣ እስቲ መሰላሉን ትንሽ ወደዚህ።»

ተናኜ!

ሮበሌ ይህችን ልጅ ዓመት ሙሉ ሲወዳት፣ በሰው ፊት «ወይዘሪት ተናኘወርቅ»፣ ሰው በሌለበት ደግሞ «ተናኘወርቅ» ሲል ኖሯል። «ተናኜ» የሚለውን ቃል ብቻውን መኪና ውስጥ ሁኖ ሞክሮት ያውቃል፤ እዚያም ቢሆን አፍሮ ትቶታል። ይህ ሰው ግን ምስማር ነክሶ ይለዋል።

«የመስታወቱን የጥድ ክፈፍ በምስማር በሳኸው!» አለ፣ ሌላ የሚለው ቢያጣ።

«በሳሁት እንጂ» አለ አብዶ። «ያለዚያ በምን ይንጠለጠላል? አንዱ መስኮት ግን ቀርቶኛል፤ ጨርቁ አለቀ። ዓርብ አመጣለሁ።»

የቀረው የዳር መስኮቱ ነበር። እሱም ታሪክ አለው። በመስከረም የሮበሌ አባት ጥቁር ኮርማ፣ ጉራቻ፣ ከግጦሽ ሲመለስ፣ እዚያ መስታወት ውስጥ አንድ ጥቁር ኮርማ ቆሞ ዓይን ዓይኑን ሲያየው አገኘው። ጉራቻ ቀናተኛ ነው። ወጋው። መስታወቱ ረገፈ፣ ባላጋራውም ጠፋ፣ ጉራቻም ደስ ብሎት ወደ ቤቱ ሄደ። አቶ ደገፋ ለልጃቸው የላኩት ካሣ ሳይሆን ወቀሳ ነበር፦ «ቤትህ ከብት ያጣላል።» በምትኩ የገባው አዲስ መስታወት ከሌሎቹ ሁሉ የጠራ ነው።

ሮበሌና ተናኘወርቅ ወደ በረንዳው ወጡ። በጉ በመካከላቸው ቆመ።

«ሐሙስ እንደሚመጣ ታውቂያለሽ» አለ። «አባትሽ ያሉትንም ታውቂያለሽ። አውቀሽ ነው እንግዲህ?»

«ባለፈው ሳምንት አንዲት ሴት ከሀና ማርያም በቃሬዛ መጣች» አለች ተናኘወርቅ። «መስታወቱን አየችና 'ገበያ መሐል አልወልድም፣ መልሱኝ' አለች። መለሷት። ጫካው ውስጥ ወለደች። ልጁን በሕይወት ያገኘነው በእግዚአብሔር ቸርነት ነው። ሌሎቹ አልጋ ላይ ከወጡ በኋላ ነጠላቸውን ፊታቸው ላይ ይከናነባሉ፤ አንዷን ስመረምር ፊቷን ሳላይ ገባች፣ ሳላይ ወጣች። አራስ ፀሐይና የሰው ዓይን እንደምትሸሽ እናትህ እማማ ቡዜ ያውቃሉ። ጠይቀሃቸው ታውቃለህ?»

«ፀሐይ ጀርም ይገድላል። ሚላኖ...»

«ሚላኖ ያለችው አራስ ነጠላ የላትም!»

«ላስረዳሽ። አንድ ቤት ተሠርቶ ሲያልቅ እንደ ሥዕል ነው። በሥዕል ላይ ጢም አይጨመርም። ዛሬ መጋረጃ፣ ነገ ቆርቆሮ፣ ከነገ ወዲያ...»

«አየህ ሮበሌ፣ እኔ ጣውንት አለብኝ።»

በአገጯ ወደ መስታወቱ ግድግዳ አመለከተች።

«ያቻትልህ፣ ቆማለች። ስትመጣ መጀመሪያ የምታየው እሷን ነው። አቧራ ነክቷት እንደሆነ በመሐረብህ ትጠርግላታለህ። እኔ ጉንፋን ይዞኝ ስስል ምን አልከኝ? 'መስታወቱ ላይ አትሳይ!'»

«እርጥበቱ ምልክት ስለሚተው ነው። ላስረዳሽ...»

«አታስረዳኝ! በሕይወትህ አንድ ቀን፣ አንድ ነገር እንኳ ሳታስረዳ አድርግ!» ዓይኗ እንባ አቀረረ። ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «እኔስ አንተን የማልፈልግ ይመስልሃል? ያ የደጃዝማቹ እህት ልጅ እሑድ ቤታችን ምሳ በላ። ሲያኝክ እስከ ጓዳ ይሰማል። ሐሙስ ጠዋት ክፍሉ ባዶ ከሆነ፣ በገዛ እጄ ሁሉንም አወርድልሃለሁ። አበባውንም፣ ወፉንም።»

«ባዶ ካልሆነስ?»

«ምጥ በቀጠሮ አይመጣም፣ ሮበሌ።»

ወደ ውስጥ ስትመለስ በመስታወቱ ተከተላት። አብዶ አሁንም አንድ ነገር አላት። አሁን አልሳቀችም፤ እንባዋን በክንዷ ጠርጋ ራሷን ነቀነቀችለት። ለሮበሌ ይሄኛው ከሳቁ የባሰ ነበር። ከሚወዷት ሴት ጋር ከሚስቀው ይልቅ አብሯት የሚያዝነው ያስቀናል።

*

ማክሰኞ ዕለት ሮበሌ መካኒሳ ሄደ። ለምን እንደሄደ ራሱን ቢጠይቅ «ጨርቅ ልመለከት» ይል ነበር።

የነፋስ ስልክ ነፋስ መካኒሳም ይደርሳል። ሮበሌ ካፖርቱን ደረቱ ላይ በእጁ ጨምድዶ ይዞ ገባ፤ መካከለኛው ቁልፍ ከወደቀ ወራት አልፎታል። አብዶ ከሲንጀር የስፌት መኪናው ቀና ብሎ መጀመሪያ ያየው ይህንኑ ነው።

«ቁልፍ ጎድሎታል፣ ኢንጂነር። ቁጭ ይበሉ፣ አሁኑኑ ልትከልልዎት።»

«አይነካም። የሚላኖ ስፌት ነው። ቁልፉም ከዚያው ነው መምጣት ያለበት።»

«መቼ ነው የሚመጣው?»

«ጽፌያለሁ።»

«እስከዚያ ታዲያ ብርዱ?»

«ብርዱ ይጠብቃል» አለ ሮበሌ። አብዶ ለመሳቅ አስቦ፣ የሰውየውን ፊት ሲያይ ተወው።

ሮበሌ አንድ ጣቃ ጨርቅ አነሣ፣ አስቀመጠ፣ ሌላ አነሣ።

«ለመጋረጃው ወይዘሪት ተናኘወርቅ ምን ሰጠችህ?»

«ሲስተር ተናኜ? እኔ ከሷ ልቀበል? ምን በወጣኝ!»

«ለምን?»

አብዶ አንገቱን ደፍቶ ፈገግ አለ፤ እንደሚያፍር ሰው ጆሮ ግንዱን አከከ። «እሱ... የኔና የሷ ነገር ነው» አለ። «ኢንሻ አላህ ሲደርስ እርስዎም ይሰማሉ።»

ሲደርስ!

አንባብያን ሆይ፣ እዚህ ላይ ለአብዶ ልንፈርድለት ይገባል። ሚስቱ ዙሌካ እርጉዝ ናት። ከዚህ በፊት ሁለት ጊዜ ጨንግፎባት፣ ተናኘወርቅ ናት አስተኝታ፣ ተከታትላ፣ ለዚህ ያበቃቻት። አንድ ጨዋ ሰው ደግሞ የሚስቱን እርግዝና፣ ያውም ዓይን እንዳይወድቅበት የሚፈራውን እርግዝና፣ ሱቁ ለገባ ወንድ አያወራም። ሮበሌ ይህን ወግ ተወልዶ ያደገበት ነው። ግን ቅናት የያዘው ሰው የተወለደበትን ይረሳል፤ ጉራቻም መስታወቱ ውስጥ የነበረውን ኮርማ ቢያስተውለው ኖሮ ራሱ መሆኑን ባወቀ ነበር።

ካፖርቱን ጨምድዶ ወጣ። የላፍቶን መንገድ በእግሩ ያዘ፤ መኪናውን መካኒሳ መርሳቱን ያወቀው ግማሽ መንገድ ከሄደ በኋላ ነው። ላፍቶ፣ ከአባቱ ማሳ ዳር፣ ዛሬ ሰው የማይኖርበት አንድ ጎጆ አለ። ሮበሌ ልጅ ሳለ ታላቅ እህቱ እዚያ ውስጥ አምጣለች። ጎጆው መስኮት የለውም። ወንድ ስለማይገባ እሱ ደጅ ቁጭ ብሎ ነበር፤ ሰማት፣ ሰማት፣ ከዚያ መስማት አቆመ። ሕፃንም አላለቀሰም። ማንም መጥቶ ምን እንደሆነ የነገረው የለም።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ሮበሌ በሕይወቱ የሠራው ሥራ አንድ ብቻ ነው፦ ውስጡ የሚታይ ቤት መንደፍ። ስለ ፀሐይ፣ ስለ አየር፣ ስለ ጀርም ለማንም አስረድቷል። ይህችን ግን ለተናኘወርቅ እንኳ አስረድቶ አያውቅም።

ከጎጆው ፊት ቆሞ ሐሙስን እንደ ልጅ ተመኘ፤ ፈራውም።

*

ሐሙስ ጠዋት ፀሐዩ ሮበሌ በወረቀት ላይ እንደሣለው ሁኖ ወጣ። ሲኞሩ ፎቶግራፍ አንሺ ባለ ሦስት እግር ማሽኑን ሜዳው ላይ ተከለ። ፊታውራሪ ገብረ መድኅን ከነካባቸው መጥተው፣ ፎቶግራፉ ላይ የት እንደሚቆሙ አስቀድመው መርጠው ነበር። መጋረጃው ግን እንደተሰቀለ ነው። በረንዳው ላይ ደግሞ አብዶ ወዲያ ወዲህ ይላል።

ሮበሌ ሲያየው ደሙ ፈላ። ዛሬም! በዚህች ቀን እንኳ! በረንዳውን በአንድ እርምጃ ወጥቶ ክንዱን ያዘው።

«አንተ ሰው፣ ከዚህ ቤት ምን ትፈልጋለህ?»

አብዶ ዞረ። ፊቱ አመድ መስሏል። «ሚስቴ» አለ። «ዙሌካ ውስጥ ናት። ከሌሊት ጀምሮ ይዟታል። ኢንጂነር፣ አንድ ነገር ሰምተዋል ከውስጥ? እኔ ምንም አይሰማኝም።»

የሮበሌ እጅ ከአብዶ ክንድ ላይ ወደቀ። መጀመሪያ የተሰማው፣ እግዜር ይቅር ይበለው፣ ደስታ ነበር። ከዚያ በደስታው አፈረ።

በሩ ተከፈተ። ተናኘወርቅ እጅጌዋን ሰብስባ፣ ቆቧ ተጣሞ ብቅ አለች።

«ክፍሉ ባዶ አይደለም፣ ሮበሌ።»

«ሰምቻለሁ።»

«ይህ ምንድን ነው?» አሉ ፊታውራሪ ከሜዳው። «አንተ ልጅ፣ አበባውን አታስወርድም? እኔ ቤት አሠራሁ እንጂ ድንኳን አሠራሁ?»

ሲኞሩ ግን ወደ ዳር ሄዶ በጣቶቹ ክፈፍ እየሠራ ነበር። በጣሊያንኛ ጮኸ፦ «እዚህ! መጋረጃ የሌለው አንድ አለ! በዚህ በኩል ውስጡ ይታያል፤ አልጋው፣ ብርሃኑ፣ ሴትየዋ ሳትቀር! ይኼ አንዱ ይበቃኛል!»

ያ የጉራቻ መስታወት ነበር። ሌሊቱን አንሶላ ተሰቅሎበት አድሮ፣ ንጋት ላይ አንሶላ ቢያጥራት ተናኘወርቅ አውርዳ ለዙሌካ አንጥፋዋለች።

ሮበሌ የተባለውን ተረጎመ። ለምን እንደተረጎመ አላወቀም፤ ልማድ ሁኖበት ነው።

ተናኘወርቅ ወደሱ ተጠጋች። ከዚያ ከሱ በቀር ማንም በማይሰማው ድምፅ፦ «እኔ ሁለት እጅ ነው ያለኝ» አለች። «ሁለቱም ውስጥ ይፈለጋሉ። መስኮቱ ላይ ልቆምልህ አልችልም። ይነሣ ካልክ ይነሣል። ፎቶውም ይወጣል፣ አባባም ይሁን ይላሉ። ግን ያን ጊዜ የምታገባው እሷን ነው። እኔ ጣውንት ላይ አልገባም።»

በሩን ዘጋችው።

ሮበሌ ወደ መስታወቱ ዞረ። የዛሬ ጠዋት ፀሐይ ገብቶበት ውስጡ እንደ ቀን ሕልም ጎልቶ ይታያል። በሕይወቱ እንዲህ ያማረ ነገር ሠርቶ አያውቅም። አልጋው ላይ አንዲት ሴት ተኝታለች፤ ነጠላዋን ፊቷ ላይ ስባ፣ በጥርሷ ነክሳዋለች። ለመጮህም አልደፈረችም። ሜዳው ላይ የቆሙ ወንዶች ሁሉ ያዩዋታል።

«ሲኞር ሮበሌ፣ ትንሽ ወደ ጎን!» አለ ፎቶግራፍ አንሺው።

ሮበሌ ወደ ጎን አልሄደም።

«አብዶ» አለ። «መሰላል።»

«ምን?»

«መሰላሉን አምጣ። መዶሻውንም። ምስማር አለህ?»

ልብስ ሰፊ ምስማር ይዞ ባይሄድም፣ አብዶ ከሰኞ የተረፈው ኪሱ ውስጥ ነበር። መሰላሉን አቆመለት፤ በሁለት እጁም ያዘለት። ሮበሌ ካፖርቱን አወለቀ። የሚላኖውን፤ ቁልፍ እንኳ ያልተተከለበትን። በነፋሱ ውስጥ ዘረጋው፣ የካፖርቱን ትከሻ ከጥዱ ክፈፍ ጋር አገጣጠመ፣ መታ። አንድ ምስማር በቀኝ ትከሻ። አንድ በግራ። እጅጌዎቹን ዘርግቶ ጫፍ ጫፋቸውን ቸነከራቸው።

መስታወቱ ጠፋ። ሮበሌ አፍንጫው ከገዛ ካፖርቱ ሽፋን ጋር ተጋጥሞ፣ ምንም ሳያይ፣ ደጅ ቀረ። እንደዚያን ጊዜው።

አዳመጠ።

ነፋሱ ብቻ። የነገሪ በግ። ሲኞሩ ዕቃውን እየሸከፈ «መጽሔታችን ሕንፃ ነው የሚያትመው፣ የልብስ ማስጫ አይደለም» ሲል። የመኪና በር ሲዘጋ። አብዶ ከሥር የሚያነበንበው። ከዚያ በመስታወቱ ውስጥ፣ በካፖርቱ ውስጥ፣ ከሩቅ እንደሚመጣ ሁኖ፣ አንዲት ሴት ጮኸች። እንደ ልቧ፣ ያለ ይሉኝታ፣ ማንም እንደማያያት ሰው ጮኸች። ደገመች።

ከዚያ መስማት አቆመ።

ሮበሌ ግንባሩን ካፖርቱ ላይ ተከለ። «አይሁን» አለ በአባቱ ቋንቋ። «አይሁን፣ አይሁን።»

ሕፃን አለቀሰ።

ያ ወፍራም የጣሊያን መስታወት፣ ምንም የማያሰማው፣ ይህን ግን አሰማ። አብዶ መሰላሉን ለቆ ወደ በሩ ሮጠ። መሰላሉ በነፋሱ ተንገዳገደ፤ ሮበሌ የካፖርቱን እጅጌ ጨብጦ ተንጠለጠለ፤ ስፌቱ ተተረተረ። መሰላሉ ድንገት ጸና።

ዝቅ ብሎ አየ። ተናኘወርቅ በሁለት እጇ ይዛዋለች። እጅጌዋ እንደተሰበሰበ ነው፤ ቆቧም የለም። ወደ ላይ ታየዋለች። መጀመሪያ ካፖርቱን አየች፣ ከዚያ እሱን፣ ከዚያ መልሳ ካፖርቱን፤ ግንባሯን መሰላሉ ላይ ደግፋ፣ ትከሻዋ እስኪነቃነቅ፣ እንባዋ እየወረደ፣ ሳቀች። መስታወት በመካከል ስላልነበረ ሮበሌ ሳቁን ሰማው።

«ተናኜ» አለ፣ አባቷ እየሰሙ። «እንዳትለቂኝ።»

ፊታውራሪ ገብረ መድኅን ካባቸውን በአንድ እጃቸው ሰብስበው ከመሰላሉ ሥር ደርሰው ነበር። ወደ ሄደው መኪና አቧራ አመለከቱ፣ ወደ ካፖርቱ አመለከቱ፣ መሰላሉን ወደ ያዘችው ልጃቸው አመለከቱ።

«ያ ፈረንጅ ሄደ እኮ!» አሉ በመጨረሻ። «የራስህን ቤት በራስህ እጅ! የገዛ ልብስህን! ልጄን በምን ልትጠይቀኝ ነው ከእንግዲህ? ለአንድ ዓመት ቤቴ ገብተህ ስለ መስታወት ስታስረዳኝ ኖርህ፤ ምሳዬ እስኪቀዘቅዝ አስረዳኸኝ። በል እንጂ አሁንም! ይህን ደግሞ አስረዳኝ!»

ሮበሌ ከመሰላሉ ላይ ቁልቁል አያቸው።

«አላስረዳም፣ ጌታዬ» አለ።